ፊገር ስኬቲንግን በአካል ማየት፦ ከትኬቱ እስከ ጋላው ምሽት

ፊገር ስኬቲንግን፣ ማለትም ከሥሩ ብረት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትንና የሚሽከረከሩበትን ስፖርት፣ ለዓመታት በቴሌቪዥን ብቻ ያየ ሰው አዳራሽ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ፍጥነቱ ነው። ቤት ሆነን ስናይ ካሜራው ተወዳዳሪዋን እየተከተለ ይሄዳል። እሷ ስክሪኑ መሃል እንዳለች ትቆያለች፤ የሚሮጥ የሚመስለው ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ከአንዱ ጫፍ ተነስታ ጥቂት ጊዜ ገፋ ገፋ ስታደርግ ሌላኛው ጫፍ ደርሳ ታያላችሁ። ድምፁም አለ። የጫማው ብረት በረዶውን ሲቆርጥ “ክርር” ይላል፤ ለዝላይ ሲነሱ የብረቱ ጥርስ በረዶው ላይ ሲተከል “ቷ” ይላል። ሙዚቃው ስለሚሸፍነው ቤት ውስጥ ይህን እምብዛም አንሰማም።

እንግዲህ ያን ያህል ገንዘብና ጊዜ አውጥታችሁ የምትሄዱት በስክሪን የማይታየውን ለማየት ነው። የውድድሩንም፣ የወንበሩንም፣ የሰዓቱንም ምርጫ ከዚህ ብትጀምሩት ጥሩ ነው።

የትኛው ውድድር ይሻላል?

የዓለም ሻምፒዮናው አብዛኛውን ጊዜ በማርች ወር ነው የሚካሄደው። የመጀመሪያው በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ ተደረገ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተማው በየዓመቱ ይቀያየራል፤ የ2024ቱ ለሞንትሪያል፣ የ2025ቱ ለቦስተን፣ የ2026ቱ ለፕራግ ደርሷል። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ጥንዶችና አይስ ዳንስ (ሁለት ሰው በረዶ ላይ የሚደንስበት)፣ አራቱም ምድቦች አሉ። ከብዙ አገር ስለሚመጡ በአንድ ነጠላ ምድብ፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን በሚወጣበት የወንዶች ወይም የሴቶች ምድብ፣ ብቻ ከ30 በላይ ተወዳዳሪ ይሰለፋል። ደስ ይላል፤ ግን የአንድ ምድብ አጭር ፕሮግራም፣ ማለትም ሁሉም በየተራ የሚወጡበት የመጀመሪያው ዙር፣ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ግራንድ ፕሪ የሚባለው ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር በስድስት የተለያዩ ከተሞች የሚካሄድ ተከታታይ ውድድር ነው። በየምድቡ ነጥባቸው የበለጠ ስድስቱ በዲሴምበር በሚደረገው ፍጻሜ ይገናኛሉ። በእያንዳንዱ ውድድር እስከ 12 ወንዶችና እስከ 12 ሴቶች ናቸው የሚጋበዙት። ሁሉም በአንድ የሳምንት መጨረሻ ያልቃል።

በጃንዋሪ የአውሮፓ ሻምፒዮና አለ። የአራቱ አህጉራት ሻምፒዮና የሚባለው ደግሞ የአፍሪካ፣ የእስያ፣ የአሜሪካና የኦሺኒያ አገሮች የሚሳተፉበት ነው። ኦሊምፒክን ሁሉም ያውቀዋል፤ ፊገር ስኬቲንግ ኦሊምፒክ የገባው ግን በክረምቱ ሳይሆን በ1908ቱ የለንደን የበጋ ኦሊምፒክ ነው። ትኬቱ ውድ ነው፣ ለማግኘትም ከባድ ነው። ውድድሩ በብዙ ቀናት ስለሚበታተን የማደሪያው ወጪ ብቻውን ኪስ ያራቁታል።

እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ግራንድ ፕሪ ቢመርጥ ይሻለዋል። ተወዳዳሪው ጥቂት ነው፣ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ አይንም ልብም አይደክምም። በጀታችሁ ጠበብ ካለ ደግሞ የወጣቶችን ግራንድ ፕሪ አትናቁ። ትኬቱ ርካሽ ነው፤ ከበረዶው አጠገብ መቀመጥ ይቻላል። የዛሬዎቹ ሻምፒዮኖች አብዛኞቹ እዚያ ነው ያደጉት።

ትኬት አገዛዝ

ሁለት ዓይነት ትኬት አለ። አንደኛው ሁሉንም ቀን የሚሸፍን ጥቅል ነው፤ ሁለተኛው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነጠላ ትኬት። ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ቀድሞ ለሽያጭ ይወጣል፣ ነጠላው ወራት ቆይቶ ይከተላል። ጥሩ ጥሩው ወንበር በጥቅሉ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ የአዘጋጁን የኢሜይል መልእክት ቀድማችሁ ተመዝገቡ፣ ሽያጩ የሚከፈትበትን ሰዓት በራሳችሁ ሰዓት አስልታችሁ ያዙ።

ጥቅሉ ካልተቻለ ምን ይገዛ? ብዙ ሰው ሜዳሊያ የሚሰጥበትን ፍሪ ፕሮግራም፣ ማለትም ሁለተኛውንና ረጅሙን ዙር፣ ብቻ ይገዛል። የኔ ምክር ሌላ ነው። አንድ ምድብ ምረጡና አጭሩንም ፍሪውንም ግዙ። በዓለም ሻምፒዮና ነጠላ ምድብ ከአጭሩ ወደ ፍሪው የሚያልፉት 24 ብቻ ናቸው። 25ኛ የወጣው ልጅ ጫማውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ያላየ፣ 24ኛው በማግስቱ ለምን እንደዚያ እየሳቀ በረዶው ላይ እንደሚወጣ አይገባውም።

የትኞቹ ቀናት ላይ የልምምድ ትኬት እንደሚሸጥም እዩ። ስለ ልምምዱ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው “ልምምድ ምን ይታያል” ብላችሁ እንዳታልፉት ብቻ ልንገራችሁ።

ከማታውቁት ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ትኬት አትግዙ። ዛሬ ትኬቱ ስልክ ላይ ነው፤ ፎቶ ተነስቶ የተላከላችሁ ኮድ በር ላይ ላይሠራ ይችላል። የተረፈ ትኬት ከፈለጋችሁ የአዘጋጁ ሕጋዊ መልሶ መሸጫ ካለ እሱን ተጠቀሙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ውድድር ሊሰረዝ ይችላል። በኖቬምበር 2015 ቦርዶ ላይ አጭር ፕሮግራሙ ከተደረገ በኋላ፣ ያን ዕለት ማታ በፓሪስ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ቀሪው ተሰረዘ። የ2020ው የሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በኮቪድ የተነሳ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ቀረ። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን፤ የትኬቱን የገንዘብ ተመላሽ ደንብም ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ትኬት መያዝ ለቪዛ ዋስትና አይሆንም። ለሸንገን አገሮች ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል። እስከ መጨረሻው ሳምንት አትጠብቁ።

ወንበር ላይ ነው ጨዋታው

ደረጃውን የጠበቀው የበረዶ ሜዳ 60 ሜትር በ30 ሜትር ነው። ዳኞች በአንደኛው ረጅም ጎን፣ ከአጥሩ አጠገብ ይደረደራሉ። ፕሮግራሞች የሚሠሩት ለእነሱ እይታ ነው፤ ፈገግታውም፣ የእጁ አጣጣልም፣ የመጨረሻው አቋምም አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ነው የሚዞረው። ከዳኞች ኋላ ከፍ ብሎ ያለ ወንበር ፊት ለፊት ያሳያችኋል። ለዚህም ነው የሚወደደው። ከዳኞች ትይዩ ያለው ጎን ጀርባ ይበዛዋል፤ ግን ርካሽ ነው፣ ዝላዩም ፍጥነቱም እዚያም ያው ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ ያታልላል። የአጥሩ ከፍታ በእናንተ በኩል ያለውን በረዶ ይከልለዋል፤ ተወዳዳሪዋ አጠገባችሁ ስትደርስ ከወገቧ በላይ ብቻ ታያላችሁ፣ እግሯ ይጠፋል። በዚህ ስፖርት ደግሞ ሥራው ያለው እግር ላይ ነው። ከስምንተኛው እስከ አስራ አምስተኛው ረድፍ አካባቢ ለኔ ምርጡ ነው። ፊታቸውም ይታያል፣ እግራቸውም ይታያል፣ የብረቱም ድምፅ ይደርሳል።

ወደ አይስ ዳንስ ከሆነ የምታደሉት ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። በአይስ ዳንስ እንደ ጥንዶች ወደ ሩቅ መወርወር የለም። ውበቱ ሁለቱ ሰዎች ሳይራራቁ በረዶውን እንዴት እንደሚሸፍኑት ላይ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ብረታቸው ነጩ ላይ የሚጥለው መስመር ሥዕል ይመስላል። ጥንዶችን ግን ከቅርብ ማየት ነው። ወንዱ ሴቷን ወርውሮ እሷ አየር ላይ ስትሽከረከር ያለው ርቀት ከቅርብ ሲታይ ልብ ይሰቅላል።

ማዕዘኖቹም የራሳቸው ጥቅም አላቸው። ሉትዝ የሚባለውን ዝላይ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ወደ ማዕዘን ነው። ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ረጅም ቅስት ይስላሉ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ ጥርሱን ተክለው ቅስቱ ከሚወስዳቸው አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራሉ። ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ተወዳዳሪው ወደሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲመጣ ያየዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ጥናት

አዳራሽ ውስጥ የቴሌቪዥን ተንታኝ የለም። ዝላዩ ምን እንደነበረ የሚነግራችሁ ሰው ስለሌለ አይናችሁን ቀድማችሁ አሰልጥኑ። ስድስት ዓይነት ዝላይ አለ፤ ቶ ሉፕ፣ ሳልኮ፣ ሉፕ፣ ፍሊፕ፣ ሉትዝ እና አክሰል። ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ለመለየት አትጨነቁ። ከአክሰል ጀምሩ። ወደ ፊት እያዩ የሚነሱበት ብቸኛው ዝላይ እሱ ነው፤ ሁሉም የሚያርፉት ግን ወደ ኋላ ስለሆነ አክሰል ግማሽ ዙር ይጨምራል። ሦስቴ አክሰል ተባለ ማለት ሦስት ዙር ተኩል ነው። አራቴውን፣ ማለትም አራት ዙር ተኩሉን፣ በውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የሠራው አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን ነው፤ በሴፕቴምበር 2022 በሌክ ፕላሲድ። ከአክሰል ቀጥሎ ከላይ ያልኩትን የሉትዝ ረጅም ቅስት ያዙ። ሁለቱን ከለያችሁ ሌላው በጊዜው ይመጣል።

ስለ ነጥቡም ትንሽ። ድሮ ከ6.0 ነበር የሚሰጠው። በ2002ቱ የሶልት ሌክ ኦሊምፒክ በጥንዶች ውጤት ላይ ትልቅ ቅሌት ተነሳና ሥርዓቱ ተቀየረ። አሁን እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት መነሻ ዋጋ አለው። ዳኞች እንደ አሠራሩ ከ-5 እስከ +5 ያለ ደረጃ ይሰጡታል። የአቀናበር፣ የአቀራረብና የመንሸራተት ችሎታ ነጥብ ለብቻው ይደመራል። አዳራሽ ውስጥ የሚነገረው ድምሩና ደረጃው ነው። ዝርዝሩ ግን ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ በውድድሩ የውጤት ገጽ ላይ ይወጣል። ማታ ሆቴል ገብቶ ያንን ዝርዝር መመልከት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። “ለምን ዝቅ አደረጓት?” ላላችሁት ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው፤ አንድ ዝላይ ሩብ ዙር ጎድሎት ይሆናል።

የመውጫውን ቅደም ተከተል ከየክፍሉ በፊት አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። በፍሪ ፕሮግራም በጥቅሉ ከታች ያሉት ቀድመው ይወጣሉ፣ መሪዎቹ በመጨረሻው ቡድን ናቸው።

ምን ይለበስ፣ ምን ይያዝ

አዳራሹ ይበርዳል። ደጁ ሙቀት ቢሆንም አትሸወዱ፤ ለሰዓታት ሳትንቀሳቀሱ ነው የምትቀመጡት። ደራርባችሁ ልበሱ፣ እግር ላይ ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ለመቀመጫ ትንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ሻርፕ ያዙ። እጅ ላይ ጓንት ካለ ጭብጨባው ድምፅ አይኖረውም፤ ስለዚህ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ብዙ አዳራሾች ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም፤ በሚያሳይ ፕላስቲክ ቦርሳ ብቻ የሚያስገቡም አሉ። ደንቡን ከቤት ሳትወጡ እዩ። ባትሪ መሙያ፣ ብዕርና የመውጫ ዝርዝሩ፣ በቃ።

የልምምዱ ሰዓት

ለኔ የጉዞው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። በልምምድ ላይ ተወዳዳሪዎቹ በቡድን ይወጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው ሙዚቃ በየተራ ይከፈታል። ሙዚቃው የሚጫወትላት ልጅ ቅድሚያ አላት፤ ሌሎቹ መንገድ ይለቁላታል። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ስለሆነ የብረቱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል።

አጥሩን እዩት። ከላዩ ላይ የውሃ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ አጠገባቸው የሶፍት ፓኮ አለ። ከአጥሩ ጀርባ አሰልጣኙ ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል። አንዲት ልጅ አክሰሏን ሞከረች፣ ወደቀች። ተነሳች፣ በረዶውን ከቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ወደ አጥሩ መጣች። አሰልጣኟ አንድም ቃል ሳይናገር በእጁ የትከሻዋን አቅጣጫ አሳያት። አፍንጫዋን ጠረገች፣ ውሃ ተጎነጨች፣ ሄደች። ሁለተኛም ወደቀች። በሦስተኛው ቆመች። ማንም ብዙ አላጨበጨበም፤ እሷም ፈገግ አላለችም፣ ዝም ብላ ወደሚቀጥለው ሄደች። በማግስቱ ያንኑ ዝላይ በውድድር ስትሠራው፣ አዳራሹ ሲጮህ፣ እናንተ የምትጮኹት ከሌላው ሰው ለየት ባለ ምክንያት ነው።

በልምምድ ላይ ማን እግሩን እንዳመመው፣ ማን ጫማውን ደጋግሞ እያሰረ እንደሆነ፣ ማን ልቡ ሙሉ እንደሆነ ይታያል። የማታውቁትን ተወዳዳሪ የምትወዱት እዚህ ነው።

የውድድሩ ዕለት

የመጨረሻው ቡድን ሲደርስ ብቻ እየተንጠባጠቡ የሚገቡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ከነሱ አትሁኑ። መጀመሪያ የሚወጡት ልጆች ብዙዎቹ በአገራቸው አንድ የበረዶ ሜዳ እንኳ በቅጡ የሌላቸው ናቸው። ባዶ ወንበር ፊት ሲወዳደሩ ማየት ያሳዝናል። ደግሞም ከመሃላቸው አዳራሹን የሚያስነሳ ሰው ሳይታሰብ ይወጣል።

ከእያንዳንዱ ቡድን በፊት ማሟሟቂያ አለ። በነጠላ ምድብ እስከ ስድስት ሰው አንድ ላይ ይወጣና 6 ደቂቃ ይሰጠዋል። ይህን ጊዜ ስልካችሁን አስቀምጡ። ስድስት ሰው በአንድ በረዶ ላይ በሙሉ ፍጥነት፣ እያንዳንዱ የራሱን ዝላይ እየሞከረ፣ ሳይጋጩ ሲተላለፉ ማየት ከራሱ ከውድድሩ አያንስም። ቴሌቪዥኑ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳየው፤ እናንተ ስድስቱንም ታያላችሁ።

ተወዳዳሪ በረዶ ላይ ሳለ ከወንበር መነሳትም፣ መግባትም ነውር ነው። ብዙ ቦታ አስተናጋጆቹ ራሳቸው በር ላይ ያቆሟችኋል፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ፣ ነጥብ ሲጠበቅ ነው መንቀሳቀስ የሚቻለው። ሽንት ቤትና ምግብ በረዶው በሚጠገንበት እረፍት ይሁን። ዛምቦኒ የሚባለው መኪና ሲወጣ ግን ሰው ሁሉ ስለሚነሳ ሰልፉ ረጅም ነው፤ የቡድኑ የመጨረሻ ሰው ነጥብ እንደተነገረ ፈጥናችሁ ውጡ።

ፍላሽ ፈጽሞ አታብሩ። በአየር ላይ እየዞረ ያለ ሰው አይን ላይ የሚበራ ብርሃን አደጋ ነው። ቪዲዮ መቅረጽ በብዙ ውድድር የተከለከለ ነው፤ ትልቅ ሌንስ ያለው ካሜራም እንዲሁ።

መቼ ይጨበጨባል? ስሟ ሲጠራ፣ ዝላይ ካረፈች በኋላ፣ ሽክርክሪቱ ሲያልቅ። ሙዚቃው ሞቅ ብሎ በእግር ሥራው ላይ አዳራሹ አብሮ ማጨብጨብ ሲጀምር ግቡበት፤ ምቱን ግን ጠብቁ፣ ከሙዚቃው ቀድሞ የሮጠ ጭብጨባ ተወዳዳሪዋን ይረብሻል። ለዝላይ ልትነሳ ስትዘጋጅ ዝም በሉ፤ ስሟን መጥራት ያኔ አይደለም። ስትወድቅ ደግሞ አጨብጭቡ። ይህ የአዳራሹ ወግ ነው፤ “ተነሺ፣ አለንልሽ” ማለት ነው። የተፎካካሪ ውድቀት ላይ ደስ ማለት በደጋፊዎች ዘንድ ከባድ ነውር ነው።

ባንዲራና ጽሑፍ መያዝ ይቻላል፤ እንጨት የሌለው ይሁን፣ የምታነሱትም ከፕሮግራሙ በፊትና በኋላ ብቻ። ከኋላችሁ ያለውም ሰው ከፍሎ ነው የገባው።

አሻንጉሊትና አበባ

ፕሮግራም ሲያልቅ ወደ በረዶው አሻንጉሊትና አበባ መወርወር የቆየ ልማድ ነው። የ2014 እና የ2018 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነው ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ ሲጨርስ ቢጫ የዊኒ ዘ ፑ አሻንጉሊቶች እንደ ዝናብ ይወርዱ ነበር። ሕፃናት ስኬተሮች እየሮጡ ይሰበስቧቸው ነበር።

አሁን ግን ሁሉም ቦታ አይፈቀድም። አንዳንዱ አዘጋጅ ጭራሽ ከልክሏል፣ አንዳንዱ መግቢያ ላይ የስጦታ ሳጥን ያስቀምጣል። የሚፈቀድ ከሆነ ለስላሳ አሻንጉሊት ብቻ ይሁን፣ ጠንካራ አይን ወይም ፕላስቲክ የሌለው። አበባ ሙሉ በሙሉ በላስቲክ ይጠቅለል። በረዶው ላይ የቀረ አንድ ቅጠል ወይም ፍሬ ቀጥሎ የሚወጣውን ሰው ሊጥለው ይችላል። ሙዚቃው አልቆ እጅ መንሳት ሲጀምሩ ነው የሚወረወረው። ትንሽ ደብዳቤ አብሮ ቢኖር ከአሻንጉሊቱ ይልቅ እሱ ነው ዋጋ ያለው።

ተወዳዳሪን መንገድ ላይ ብታገኙ

በከተማው ውስጥ፣ በባቡር ላይ፣ አዳራሹ አካባቢ መገናኘት ያለ ነው። ሰላም በሉ፣ ፎቶ ለመነሳት ፈቃድ ጠይቁ፣ አጭር አድርጉት። ገና ልትወዳደር እየሄደች ከሆነ ወይም አሁን ወድቃ እየወጣች ከሆነ ተዉዋት። ሆቴላቸው ድረስ መከተል ፈጽሞ አይገባም። ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው።

የጋላው ምሽት

በመጨረሻው ቀን ጋላ አለ። ዳኛ የለም፣ ነጥብ የለም። መብራቱ ይጠፋና ክብ ብርሃን ተወዳዳሪውን ይከተላል። ብዙ ሰው ደክሞት ወይም በረራ ይዞት ይቀራል። በረራችሁን በማግስቱ ብታደርጉት ይሻላል።

ከቻላችሁ ለጋላው ወደ ታች ወረድ ያለ ወንበር ያዙ፤ ያን ምሽት ለአጥሩ መቅረብ ይጠቅማችኋል። በመጨረሻው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣሉ። አብረው ይጨፍራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ በአጥሩ ዙሪያ ቀስ ብለው እየተንሸራተቱ ለሕዝቡ እጅ ያውለበልባሉ። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ፍጥነት ሲያልፏችሁ የነበሩት ልጆች ያን ጊዜ ፊት ለፊታችሁ በእርምጃ ፍጥነት ይመጣሉ። በልምምድ ሦስቴ የሞከረችውም ልጅ ከመሃላቸው ትኖራለች። ስሟን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ አሁን ይፈቀዳል።